ኦቲያን ያዘገየው ሽቦ

ሻቪክቫ ይሉታል፣ «ጥቁር ድንጋይ» ማለት፣
ገደልና ገደል ፊት ለፊት የቆሙበት።
መሐላቸው ወንዝ አለ፣ ጥላሸት የጠጣ፣
ዓሣ ከሸሸው ወዲህ ስንት ክረምት መጣ።
ከላይ ጉድጓዱና የሠራተኛው መንደር፣
ከታች ገበያው፣ ጣቢያው፣ ሐኪም ቤቱ፣ ወንዙ ዳር፤
በመሐል እኔ፣ ከሽቦና ከተንጠልጣይ ሳጥን ጋር።

ላማራ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት
አንዱን ማንሻ ይዤ፣ ስገፋው፣ ስጎትት፣
ስንቱን አውጥቻለሁ፣ ስንቱንስ መለስሁት፤
ምጥ የያዛት ሴት፣ ፍየል፣ ጆንያ ሙሉ ድንች፣
አንድ ቀን ፒያኖ፣ ለትምህርት ቤት ልጆች፣
ከሌሊት ፈረቃ የወጣ ሰው ደግሞ፣
ዓይኑ ብቻ ነጭ፣ እንቅልፉን ይዞ ቆሞ።
ሳጥኑ ዝጓል፤ ወለሉ ላይ ቀዳዳ አለ፣
ወንዙን ያሳይሃል፣ ልብህ ከቻለ።
እንግዳ ይጮኻል። የኛ ሰው ለምዶት
ያረጀ ሐሜቱን ይቀጥላል ካቆመበት።

ድንጋያችን ታጥቦ ባቡር ላይ ይጫናል፤
ብረት ያጠነክራል ይላሉ፤ ሩቅ ይሄዳል።
የማን ድልድይ ሆነ፣ የማንስ መድፍ ሆዱ፣
የጻፈልን የለም፤ ፉርጎዎቹ ብቻ ሄዱ።
ለኛ ሳሉ ቀረን፣ ከልብስ የማይለቅ ጥቁረት፣
ደግሞም ቅዳሜ ማታ ወንዶች በሦስት ድምፅ የሚዘፍኑት።

ኦቲያ አርባ ዓመት ጨለማ ለብሷል፤
እዚያ ውስጥ ሰው መንገድ በጆሮው ይለያል።
አንድ ቀን ሲቆፍር ጣሪያውን አጤነ፤
ቆጥሮ፣ ለክቶ፣ ደግሞ ቆጥሮ፣ እርግጠኛ ሆነ፤
ከራሱ በላይ ያለው፣ ከድንጋዩ ማዶ፣
የእናቱ መቃብር ነው። ቆመ፣ መዶሻው ከብዶ።
ለአለቃው ነገረው። አለቃው ካርታ ዘረጋና አየ፤
«ኮታው እስከ ዓርብ ነው» ብሎት ተለየ።
ኦቲያ ቆፈረ። አራት ልጅ ነበረው።
ቀስ እያለ ብቻ፣ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው።

ከዓመታት በኋላ አፈሩ ለቀቀ፤
መስቀሉ አዘመመ፣ የኔም ቤት ግድግዳ ተሰነጠቀ።
«ከእንግዲህ የሚሞት ከታች ይቀበራል»
ብሎ ማዘጋጃ ቤት ወረቀት ለጥፏል።
እናም ባለፈው ኅዳር፣ ኦቲያ ሲሞት፣
ለመቀበር እንኳ መሳፈር መጣበት።

ሳጥን ሳጥን ውስጥ ገባ፤ ማጋደም ግን አልሆነም።
በሰያፍ አቆሙት። ኑግዛር ከግርጌው፣ ቄሱም
ከራስጌው ተጣበቁ። እህቱ ጉጉሊ ጋሎን ወይን አቀፈች፤
ለእዝን ነው እሱ፣ «ከቀብር መልስ» አለች።
ማንሻውን ገፋሁ። ሽቦው ጮኸ፣ አንኮራፋ።
ከገደሉ መሐል ሲደርሱ፣ መብራት ጠፋ።

መብራት እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ ሳያስፈቅድ ይሄዳል፣
ደስ ሲለው ይመጣል።

አራት ሰዓት ሙሉ። በረዶ ማካፋት ጀመረ።
ነፋሱ ሲገፋው ሳጥኑ ዞረ፣ ተመልሶ ዞረ።
እኔ ታች ሆኜ፣ አንገቴን ሰቅዬ አያለሁ፤
መስታወቱ በትንፋሻቸው ሲደበዝዝ አየሁ።
ቄሱ ጸሎት ጨረሰ። ያለውን ሁሉ ደገመ።
ከዚያ ብርዱ ጠና፤ እሱም ጋሎኑን ተሳለመ።
(ይህን ኑግዛር ነው ኋላ የነገረኝ፣ እያለቀሰ፣ እየሳቀ።)
ወይኑ በጋሎኑ ክዳን ዞረ፣ እስከ ግማሽ አለቀ።
ለሟች አሉ። ለሟች እናት። ለወንዙም፣ ዓሣ ለነበረው።
ለላማራም አሉ፣ ታች ቆማ ለምታየው።
ከዚያ ዝም። ከዚያ ጉጉሊ፣ የወንድሟን ሳጥን እየዳበሰች፣
«ወንድሜ፣ አርባ ዓመት መሬት ዋጠህ፣» አለች፣
«ይኸውልህ ዛሬ ሰማይ። እይ እንግዲህ፣ ጠግበህ እይ።
ሰዓትህን የሚመዘግብ አለቃ የለም ከላይ።»

ሲመሽ መብራት መጣ።
ቶሎ ላወርዳቸው ሞተሩን ላስነሣ ስል፣
እንጃ ምን እንደያዘኝ። ለአንድ ደቂቃ ያህል፣
ብርድ ላይ እንዳሉ እያወቅሁ፣
እጄን ማንሻው ላይ አድርጌ፣ አልገፋሁም።
ይህን ለኑግዛር እስከ ዛሬ አልነገርሁም።